“ነው” ወይስ “አለው”?

በእኛ በሰሜን ሸዋ “ውርስ” የሚለው ቃል ሲነሳ ሰው ወንበሩን ጠጋ አድርጎ ይሰማል። ቃሉ ብቻውን አይመጣማ! ጠበቃ፣ ምስክር፣ ሽማግሌ፣ ቀጠሮና የተኳረፉ ወንድማማቾች አስከትሎ ነው የሚመጣው። “በርስትና በሚስት ቀልድ የለም” ይባላል። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር እንደኖረ ሰው ጥርጣሬዬን ልናገርና፣ ሚስት የገባችው ለቤት መምቻ ይመስለኛል፤ ዋናው ጉዳይ ርስቱ ነው።

ዛሬ ዛሬ ግን ልጆቻችን ውርስ ሲሉ ሌላ ነገር ማለታቸው ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተር የተማረ ወጣት በቤታችሁ ካለ፣ በስልክ “ውርሱ አላማረኝም፤ ከአባቱ ብንነጥለው ይሻላል” ሲል ብትሰሙት አትደንግጡ። የማንም አባት አልሞተም፤ የማንም ቤት አልተከፈለም። ልጁ የሚያወራው ስለ ፕሮግራም ነው።

የዘመን ቁጥር አንዳንዴ ይቀልዳል። ፈረንጆቹ 1967 በሚሉት ዓመት ኦሌ-ዮሃን ዳል እና ክሪስተን ኒጎር የተባሉ ሁለት የኖርዌይ ሰዎች ኦስሎ ላይ ሲሙላ 67 የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ አቀረቡ። ውርስን ወደ ኮምፒውተር ዓለም ይዞ የገባው እሱ ነው። እኛ 1967 በምንለው ዓመት ደግሞ፣ የካቲት 25 ቀን፣ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ታወጀና የርስትን ውርስ ከሕጋችን አስወጣው። በሁለቱ መካከል የስምንት ዓመት ልዩነት አለ። ቢሆንም አንዱ 1967 ያስገባውን ሌላው 1967 ማስወጣቱ ይገርመኛል። ፈረንጆቹ ጥቂት ቆይተው ቢጠይቁን ኖሮ ስለ ውርስ ጣጣ ብዙ የምንነግራቸው ነበረን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊ ለሚመዘግበው ነገር ሁሉ መጀመሪያ “ክላስ” ያበጃል። “መደብ” ብለው የሚተረጉሙት አሉ፤ በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ግን መደብ ሲባል “ትግል” ካልተከተለው የጎደለ ስለሚመስለው “ሻጋታ” ልበለው። ሻጋታው ነገሩ ምን ምን እንዳለውና ምን ምን ማድረግ እንደሚችል ይናገራል። ከዚያ ሁለተኛ ሻጋታ ያስፈልጋል እንበል፤ ከመጀመሪያው ብዙም የማይለይ። ሁሉን እንደገና ከመጻፍ “ይኼኛው የዚያኛው ልጅ ነው” ብሎ ማስፈር ይበቃል። አባቱ ያለው ሁሉ ለልጁ ይተላለፋል፤ የሚጻፈው ልዩነቱ ብቻ ነው። ድካም ይቀንሳል፤ ለዓይንም ያምራል። ሲጀመር የማያምር ውርስ የት አለ? ጠቡ የሚመጣው ኋላ ነው።

የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው። ኮምፒውተር የተማረች ናት። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሰፈሯ እድር መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር እንድታዞርለት ለመናት። የጸሐፊው ዓይን ደክሟል፤ መዝገቡም ሲገለጥ ሲከደን ጠርዙ አልቋል። እሷም ማታ ማታ ጋቢዋን ተከናንባ (የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል) በሁለት ወር ሠርታ አስረከበች። ምርቃቱ ይህ ነው አይባልም።

አሠራሯ ለማንም የሚገባ ነበር። “አባል” የሚባል አባት ሻጋታ አበጀች። አባል ስም አለው፣ የቤት ቁጥር አለው፣ በየወሩ መዋጮ ይከፍላል፣ ቀብር ይወጣል፤ ሐዘን ሲደርስበት ድንኳን ይተከልለታል፣ ገንዘብ ይሰጠዋል። ከአባል ደግሞ ሁለት ልጆች አወጣች። አንደኛው “የክብር አባል” ነው፤ ለሰፈሩ ቄስ የተዘጋጀ ነው፤ እሳቸው መዋጮ አይከፍሉም። ሁለተኛው “አቅመ ደካማ አባል” ነው፤ ግማሽ የሚከፍሉ አረጋውያን ናቸው። ሁለቱም አባል ከሆኑ የአባል ልጅ ቢባሉ ማን ይቃወማል?

በመጀመሪያው ወር የባለ ዕዳዎች ዝርዝር ታትሞ ሲወጣ በራሱ ላይ ያሉት ቄሱ ሆኑ። “መዋጮ ይከፍላል” የሚለውን ከአባታቸው ወርሰውታል! እሳቸው ሳቁና “እንግዲያው የፍትሐቱንም ሒሳብ እንተሳሰብ” አሉ። እሷ ቶሎ ብላ ጠገነችው፤ በልጅየው ሻጋታ ላይ “ክፈል ሲሉህ እምቢ በል” የሚል ጻፈች። የሚቀጥለው ወር ሒሳብ ሊዘጋ ሲል ፕሮግራሙ አባላቱን ተራ በተራ “ክፈሉ” እያለ ሄዶ ሄዶ ቄሱ ጋ ሲደርስ እምቢታ ገጠመውና ቀጥ አለ። የእድሩ ሒሳብ በአንድ እምቢታ ምክንያት ሳይዘጋ አደረ።

ይህ የሚያስቀው ነው። የማያስቀው እነሆ።

በዚያ ሰፈር አንዲት እናት ነበሩ። ትውልዳቸው ወደ አንኮበር ነው፤ ሸክላ እየሠሩ ልጆች ያሳደጉ። የእህቴ ቤት ጀበና የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። አልጋ ከያዙ ሁለት ዓመት አልፏቸው ነበር። የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ በዚያ ዓመት ቀብር የሚቀረው ሰው በዝቷል ብሎ፣ “ሦስት ጊዜ ያለ ምክንያት ከቀብር የቀረ አባል ይሰረዝ” ሲል ወሰነ። የእህቴ ልጅም ውሳኔውን “አባል” በሚለው ሻጋታ ላይ ጨመረች። አንድ መስመር ናት። ውሳኔው ስለ አባል ነውና የት ልትጽፈው ኖሯል?

ከሦስት ቀብር በኋላ የእኚያ እናት ስም ከመዝገቡ ወጣ። ማንም አልሰረዛቸውም። ማንም አላወቀም። እሳቸውም አላወቁም፤ ግማሽ መዋጮአቸውን ጎረቤት እያደረሰላቸው ነበር።

ያረፉት በሐምሌ ነው፤ ሌሊት፣ ዝናብ እየወረደ። ጎረቤት ተጠራርቶ ጸሐፊው ቤት ሄደ። ኮምፒውተሩ ተከፈተ፤ ስማቸው የለም። እንደገና ተፈለገ፤ የለም። “የእድሩ አባል አይደሉም እኮ ነው የሚለው” አሉ ጸሐፊው በቀዘቀዘ ድምፅ። ልጃቸው ቆማ ትሰማለች። የእድሩ ዳኛ ያን ጊዜ ያሉት አሁንም ድረስ በሰፈሩ ይነገራል፤ “እሱ ካላወቃቸው እኛ እናውቃቸዋለን። አሮጌውን መዝገብ አምጡ።” መዝገቡ መጣ፤ ስማቸው አለ። ሳይነጋ ድንኳኑ ተተከለ። የእህቴ ልጅ አግዳሚ ከሚሸከሙት ጋር በጭቃው ውስጥ ስትመላለስ ነጋባት።

በሰልስቱ አግኝቼ ሳጽናናት የመለሰችልኝን አልረሳውም። “ጋሼ፣ ይመኑኝ፣ እኔ እሳቸውን አልነካኋቸውም” አለችኝ። “አባትየውን ነው የነካሁት።”

አባትየውን ነው የነካሁት! የዚህ ሙያ አደጋ በሙሉ በዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ። አባት ሲነካ ልጆቹ ሁሉ ይነካሉ፤ የት እንዳሉና ስንት እንደሆኑ ነኪው ባያስባቸውም። በሙያው “ተሰባሪው የመሠረት ክላስ” ይሉታል። እኛ በአጭሩ “ያባት ዕዳ ለልጅ” እንለዋለን።

ባርባራ ሊስኮቭ የተባሉ አሜሪካዊት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1987 ባደረጉት ንግግር የዚህን ውርስ ሕግ አነሱት። እ.ኤ.አ. የ2008ቱን የቱሪንግ ሽልማት፣ የኮምፒውተር ሰዎች እንደ ኖቤል የሚያዩትን ማለት ነው፣ የተሸለሙ ሴት ናቸው። ሕጉ ወደ እኛ አነጋገር ሲመጣ እንዲህ ይሆናል፤ አባት በሚጠበቅበት ቦታ ሁሉ ልጁ ቢላክ፣ የሚጠብቀው ሰው ልዩነቱን አውቆ መሸበር የለበትም። አባት ቃል የገባውን ልጅ ማጠፍ አይችልም። ቄሱ “እከፍላለሁ” ያለ አባት ልጅ ተደርገው ሲያበቁ “እምቢ” እንዲሉ መደረጋቸው ቃል ማጠፍ ነበር። የወረሰ ሰው ንብረቱን ወስዶ ቃሉን ልተው ማለት አይችልም። ውርስ መርጠው የሚያነሱት አይደለም።

ለመሆኑ ይህ የጀማሪ ስሕተት ብቻ ይመስላችኋል? አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ የሆነውን ጃቫ የተባለውን ቋንቋ ያዘጋጁት የታወቁ ባለሙያዎች ናቸው። እነሱም “ስታክ” የሚባል ነገር አበጁ። ስታክ እንደ እንጀራ ቁልል ነው፤ መጨረሻ የወጣው ከላይ ይሆናል፣ መጀመሪያ የሚነሳውም እሱ ነው። ታዲያ ድካም ለመቀነስ ብለው “ቬክተር” የሚባል፣ ከፈለጉበት ቦታ ገብተው የፈለጉትን የሚመዙበት የረድፍ ሻጋታ ልጅ አደረጉት። ውጤቱ ምን ሆነ? ቁልሉ የአባቱን ጠባይ ወርሶ ከመሐሉ እንጀራ የሚመዘዝበት ሆነ። ዛሬ የቋንቋው መመሪያ ራሱ ከዚያ ይልቅ በሌላ እንድትጠቀሙ ይመክራል።

በዚያው ቋንቋ ለመረጃ ቋት የተዘጋጀ “ቀን” የሚባል ሻጋታም አለ። አባቱ ቀንንም ሰዓትንም ያውቃል። ልጁ ግን ቀን ብቻ እንዲይዝ ነው የተፈለገው። እናም ሰዓት ስትጠይቁት በስሕተት መልእክት ያባርራችኋል። ወንድሙ የሆነው ሌላው ሻጋታ ደግሞ የባሰ ነው፤ በራሱ መመሪያ ላይ እንደ አባቱ ልጅ እንዳይታይ ያስጠነቅቃል። በአባቱ ስም ተመዝግቦ “እንደ አባቴ ልጅ አትዩኝ” የሚል ልጅ! እንዲህ ያለውን ሰው በሰፈራችን አናጣም፤ በኮምፒውተር ውስጥ ይገኛል ብዬ ግን አልጠበቅሁም።

ስለ ቀን ካነሳን ከእኛ ጳጉሜ የበለጠ ምስክር የለም። ጳጉሜ የተወለደች አንዲት ዘመዴ አንድ መሥሪያ ቤት ለጉዳይ ሄዳ “ጳጉሜን አይቀበልም፤ ነሐሴ 30 ይበሉ” ተብላለች። ኮምፒውተሩ “ዓመት 12 ወር አለው” ያለ አባት ልጅ ነዋ! አባት በ12 ምሎ ልጅ 13ኛ ወር ከየት ያመጣል? ዘመዴ የተወለደችበት ቀን የሌለ ቀን ሆነ፤ ልደቷ በአንድ ጸሐፊ ጣት ወደ ነሐሴ ተዛወረ።

እንዲህ ሲሆን ውርስን መርገም ይቀላል። ግን ደግሞ ደህና ውርስም አለ። ለጃቫ ተጠቃሚዎች በነጻ የሚቀርብ “ስሪ-ቴን ኤክስትራ” የሚባል የቀን መቁጠሪያዎች ስብስብ አለ። የእኛም የግብፅ ኮፕቶችም አቆጣጠር በውስጡ ይገኛል። ሁለቱ እንደምታውቁት 12 ወር ባለ ሠላሳ ሠላሳ ቀን፣ 13ኛዋ አምስት ወይም ስድስት ቀን ናቸው፤ ዓመቱም በአንድ ቀን ይብታል፤ የሚለያዩት በዓመተ ምሕረቱ ቁጥር በ276 ነው። ደራሲዎቹ ታዲያ የኢትዮጵያን ከኮፕት፣ ወይም የኮፕትን ከኢትዮጵያ አላስወለዱም። ለሁለቱ የጋራ የሆነውን ብቻ ለይተው አንድ አባት አበጁና ስሙን “ናይል” አሉት። ይህ አባት ራሱ የቀን መቁጠሪያ አይደለም፤ ብቻውንም አይቆምም። ልጆቹ የማይጠብቁትን ቃል አልገባም፤ ስለዚህ ቃሉን የሚያጥፍበት የለም። ሁለቱ ወንድማማቾች ዓባይን አባት አድርገው በሰላም ይኖራሉ። በፕሮግራም ውስጥ ማለቴ ነው።

እንግዲህ መውረስ የሚገባው መቼ ነው? እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣና በሙያው እጅግ የታወቀ የአራት ደራሲዎች መጽሐፍ ምክሩ በአጭሩ፣ ከመውረስ ይልቅ መያዝን አስቀድሙ የሚል ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ስታስረዳኝ የእንግሊዝኛ ቃል ስትፈልግ ቆየች። እኔ ግን በአማርኛ የሰዋስው ጉዳይ ሆኖ አገኘሁት፤ ጥያቄው “ነው” ወይስ “አለው” ነው። ቁልል ረድፍ ነው? አይደለም፤ ቁልል እንጀራውን የሚደረድርበት ረድፍ አለው። ቄሱ መዋጮ የሚከፍል አባል ናቸው? አይደሉም፤ አባል ናቸው፣ ለእሳቸው የሚሆን የመዋጮ ደንብ አላቸው። “ነው” ያልነው ነገር በሙሉ አካሉ ይገባብናል፣ በኋላ የሚመጣበትም ለውጥ ሁሉ ይደርሰናል። “አለው” ያልነውን ግን ልንለውጠው፣ ልናውሰው፣ ልንመልሰው እንችላለን።

አያቴ የአንኮበር ሰው ነበሩ። እሳቸው ይህን ጉዳይ በሌላ በኩል ያውቁታል። የመንዝ፣ የተጉለት፣ የቡልጋ ሰው ርስት የሚቆጥረው ከአቅኚ አባት ጀምሮ በወንድም በሴትም በኩል ነው። አንድ ሰው በአባቱ በኩል እዚህ፣ በእናቱ በኩል እዚያ ድርሻ አለኝ ይላል፤ አያት ቅድመ አያት እየጠራ ይሟገታል። ሲሙላን ተከትለው ከመጡት ቋንቋዎች አንዱ፣ ሲ ፕላስ ፕላስ የሚሉት፣ እንደ እኛ ርስት ከሁለት አባቶች መውረስን ይፈቅዳል። ችግሩ ሁለቱ አባቶች ወደ ላይ ሲቆጠሩ አንድ አያት ላይ ሲገናኙ ነው፤ የአያቱ ንብረት ለልጅ ልጁ አንድ ጊዜ ነው የሚደርሰው ወይስ ሁለት ጊዜ? በማንኛው በኩል? ለዚህ ሲባል በቋንቋው ውስጥ የተለየ ደንብ መጨመር ግድ ሆነ። የጃቫ ሰዎች ደግሞ ነገር አንፈልግም አሉና “ለአንድ ልጅ አንድ አባት ክላስ ብቻ” ብለው ደነገጉ። አባቶቻችን ጋብቻ ሲያስቡ ሰባት ቤት ያስቆጥሩ ነበር። ዓላማው የሥጋ ዝምድናን መሸሽ ቢሆንም፣ ሁለቱ መንገዶች አንድ አያት ላይ ቶሎ እንዳይገናኙም አርቋቸዋል። ርስት ሲሟገት የኖረ አገር፣ ውርስ ከመምጣቱ በፊት ቤት መቁጠር እንደሚያስፈልግ በልምዱ ያውቃል።

አሁን ወደ ሰው ልምጣ፤ ያስጻፈኝ እሱ ነውና።

ኮምፒውተሩ እኚያን እናት በአንድ ሻጋታ ከተታቸው፣ ሻጋታው ሲለወጥ ይዟቸው ወጣ። እኛ ግን ያለ ኮምፒውተርም ስንሠራው የኖርነው ነው። የሸክላ ሠሪ ልጅ “ሸክላ ሠሪ ነው”፤ የቀጥቃጭ ልጅ “ቀጥቃጭ ነው” ተባለ እንጂ “ሙያ አለው” አልተባለም። በዚያች “ነው” ውስጥ ስንት ነገር አብሮ ተወረሰ! ቡዳነቱ፣ አብሮ አለመብላቱ፣ አለመጋባቱ፣ ርስት አለመቁጠሩ። ልጁ ብረት ነክቶ ባያውቅም ለውጥ የለውም፤ አባቱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ተጽፎበታል። በማረሻው የሚያርሰውና በጀበናው የሚጠጣው ሰው ነው የሚጽፍበት። ከደብረ ብርሃን ብዙ ሳይርቅ አንጎለላ ላይ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ፣ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪውን ሰው በሥራው እንዳይሰድብ በ1900 ዓ.ም በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ “ነው”ን ግን ከአፋችን አላወጣውም።

ስለዚህ ለእኚያ እናት የእድር አባልነት የድንኳንና የንፍሮ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ስማቸው ከጎረቤታቸው ስም በታች፣ በተራ ቁጥር፣ እንደ ማንም መጻፉ በቤተሰባቸው ታሪክ አዲስ ነገር ነበር። አንዲት መስመር የሰረዘችው ይህን ነው። ያን ሌሊት ልጃቸው ቆማ “አባል አይደሉም” የሚለውን ስትሰማ የመጣባት የኮምፒውተር ስሕተት አይመስለኝም።

ከዚህ ሁሉ ጋር ግን አንድ የምንኮራበት ነገር አለን፤ ስማችን። ፈረንጅ ለልጁ የቤተሰብ ስም ያወርሰዋል። የእኛ ሰው ስሙ የራሱ ነው፤ ከኋላው የአባቱን ስም ይይዛል፤ ልጁ ሲወለድ ደግሞ የአያትየው ስም ወደ ኋላ ይላል። አባት አለው፤ አባቱን ግን አይደለም። ውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቻችን ባል፣ ሚስትና ልጅ በሦስት የተለያየ “የቤተሰብ ስም” ተመዝግበው፣ ቤተሰብ መሆናቸውን ሲያስረዱ ይውላሉ። ስማችን ግን ችግር የለበትም፤ ቅጹ ነው የሌላ አባት ልጅ የሆነው።

የእህቴ ልጅ ፕሮግራሙን እንደገና ሠራችው። አሁን “የክብር አባል” እና “አቅመ ደካማ አባል” የሚባሉ ልጆች የሉም። አባል ሁሉ አባል ነው። እያንዳንዱ የራሱ የመዋጮ ደንብ አለው፣ የራሱ የቀብር ደንብ አለው። ያመመው ሰው ደንቡ ይለወጣል፤ ሲሻለው ይመለስለታል። ሰውየው ራሱ አይለወጥም። የእድሩ ዳኛ ደግሞ በበኩላቸው አንድ ነገር አስጨመሩ፤ ማንም ሰው ከመሰረዙ በፊት ስሙ በጉባኤ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ የሚያውቀው ሰው ይጠየቃል። አሮጌው መዝገብም ከኮምፒውተሩ ጎን ተቀምጧል።

ፕሮግራም ለምትጽፉ ልጆች ምክሬን ከእህቴ ልጅ ተውሼ ነው የምሰጣችሁ። የማትጽፉትም ብትሆኑ አይቀርባችሁም፤ ስለ ሰው “ነው” ብላችሁ ልትዘጉ ስትሉ፣ “አለው” ቢባል ምን ይጎድላል ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ምንም አይጎድልም።

ቸር ይግጠመን።